ቅጠሉ ባክቴሪያን ሲለይ በብርሃን ማንበብ፦ የሉሚኖል ፍተሻ አሠራር ለባሕር ዳር ቤተ ሙከራዎች

ተክል ደም የለውም፤ በሰውነቱ እየዞረ ጠላት የሚያሳድድ ሕዋስም የለውም። እያንዳንዱ የቅጠል ሕዋስ በራሱ በር ላይ ራሱ ዘብ ይቆማል። ዘቡ የሚለየው ግን ባክቴሪያውን እንዳለ አይደለም፤ ከባክቴሪያው አካል አንዲት ቁራጭ ሞለኪውልን ነው። ያቺ ቁራጭ ካለች ባክቴሪያው ሞቶ ተቀቅሎም ቢሆን ቅጠሉ ይነሣል። ቁራጯ ከተለወጠች ደግሞ ባክቴሪያው በሕይወት እየዋኘ ቢመጣም ቅጠሉ ዝም ይላል። ቲማቲምን በመስኖ የሚያመርት ገበሬ የሚፈራው የባክቴሪያ አጠውልግ፣ ማለትም ራልስቶኒያ፣ በጅራቱ በኩል ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ሳህን ላይ በ40 ደቂቃ ማሳየት ይቻላል፤ አሠራሩ ከዚህ በታች አለ።

የሚለካው ምንድን ነው

ባክቴሪያው ለመዋኘት የሚያሽከረክረው ጅራት የተሠራው ፍላጀሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ተክሉ ከዚህ ረጅም ፕሮቲን የሚያነበው በአንድ ጫፉ አጠገብ ያሉትን 22 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው። ይህ ቁራጭ በ1999 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታወቀ፤ ፍላግ22 ይባላል። በዓመቱ ተቀባዩ ፕሮቲን ኤፍኤልኤስ2 አራቢዶፕሲስ በተባለችው፣ የጎመን ወገን በሆነች የቤተ ሙከራ ተክል ላይ ተገኘ። ኤፍኤልኤስ2 በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ አንድ ወገኑን ወደ ውጭ ያወጣ ነው። ፍላግ22 ሲያርፍበት ባክ1 የተባለው አጋሩ በሰከንዶች ውስጥ ይጠጋዋል፤ ቁራጯ በሁለቱ መሐል እንደ ሙጫ ሆና ታጣምራቸዋለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። በአንድ በሁለት ደቂቃ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል። ሽፋኑ ላይ ያለ ኤንዛይም ከኦክስጅን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ መጠኑ በ10 እና በ20 ደቂቃ መካከል ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። ቆይቶ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ በማግስቱ የሕዋሱ ግድግዳ ካሎስ በሚባል ልስን ይወፍራል።

እዚህ የሚለካው ፐርኦክሳይዱ ነው። ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ባለበት ሉሚኖል የተባለው ኬሚካል ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ እጅግ ደካማ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ሉሚኖሜትር ወይም ብርሃን ማንበብ የሚችል የፕሌት ማንበቢያ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽን ለሌለው በትንባሆ ቅጠል የሚሠራ ሌላ መንገድ ወደ ኋላ ላይ ተቀምጧል።

ቲማቲሙን ማሳደግ

ሮማ ቪኤፍ ወይም መልካ ሳልሳ የተባለው ዝርያ በቂ ነው፤ ዋናው ነገር ሁሉም ችግኝ ከአንድ ዘር ከረጢት የወጣ፣ በአንድ ቀን የተዘራ መሆኑ ነው። ዘሩ በመድኃኒት የተለወሰ ከሆነ በሚወርድ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። አፈሩ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። የፎገራን ዋልካ ብቻውን በማሰሮ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት አትሙሉ፤ ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይታፈናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ሥሩ የታፈነ ችግኝ ቅጠሉ አረንጓዴ ቢመስልም ብርሃን አይሰጥም።

ለፍተሻ የሚደርሰው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አበባ ከማውጣቱ በፊት ተጠቀሙበት። ከጫፍ ወደ ታች ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ቅጠል ውሰዱ፤ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ፣ ገና ያልጠነከረ መሆን አለበት። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዋግና የቅጠል ነጠብጣብ ስለሚበዛ በነጠላው ቅጠል ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ካለች ያን ቅጠል ተዉት፤ ከሌላ ጠላት ጋር ቀድሞ ተያይዟል። ፍተሻው ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይረጭ።

ዲስኩን መቁረጥና ማሳደር

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። ቅጠል ሲቆረጥ ይቆስላል፤ የቆሰለ ሕዋስም ባክቴሪያ ባይኖርም ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ዲስኩን፣ ማለትም ለፍተሻ የሚቆረጠውን ትንሽ ክብ ቅጠል፣ ቆርጦ ወዲያው የሚለካ ሰው የሚያነበው የራሱን ምላጭ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሌሊቱን ማደር አለበት፤ የቁስሉ ጩኸት ጋብ ሲል የባክቴሪያው ቁራጭ ብቻውን ይሰማል።

መቁረጫው 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቡሽ መብሻ ወይም የቆዳ ናሙና መውሰጃ ይሁን። ስለቱን አስቀድማችሁ በጣት ጥፍር ላይ ሞክሩት፤ የማይነክስ ከሆነ ጣሉት። የደነዘዘ መቁረጫ ጠርዙን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ዲስክ ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ እርጥብ ቀለበት ይዞ ይታያል፣ እሱን አትጠቀሙበት። ቅጠሉን በውሃ በራሰ ሶፍት ላይ አስተኝታችሁ ከመሐል አውታሩ ርቃችሁ፣ መቁረጫውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ጫን ብላችሁ ሩብ ዙር አዙሩት። በመቆንጠጫ አታንሡት፤ በረጠበ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጫፍ ነክቶ ማንሣት ይበቃል።

96 ጉድጓድ ባለው ነጭ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ሳህን በእያንዳንዱ ጉድጓድ 200 ማይክሮ ሊትር ውሃ አድርጉና አንድ አንድ ዲስክ፣ የቅጠሉ የላይኛው ፊት ወደ ላይ ሆኖ፣ አንሳፍፉ። ውሃው የተጣራና በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት በሚቀቅል ዕቃ፣ የተቀቀለ መሆኑ ግዴታ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ ይልቁንም ከጣና የተቀዳ ውሃ፣ ንጹሕ ቢመስልም ባክቴሪያ አለበት። ባክቴሪያው ሌሊቱን ይራባል፣ ጅራቱ ይረግፋል፣ ፍላጀሊኑ ውሃው ውስጥ ይቀልጣል። ቅጠሉ በሌሊት አይቶት ምላሹን ጨርሶ ያድራል። ፍላግ22ን አንዴ የያዘ ኤፍኤልኤስ2 ከሽፋኑ ላይ ተነሥቶ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ስለሚዋጥ ጠዋት ላይ ንጹሕ ፍላግ22 ብትጨምሩለት የሚያየው ዓይን የለውም። ውጤቱ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል፣ ጥፋቱም በፔፕታይዱ፣ ማለትም በፍላግ22 ቁራጭ፣ ይሳበባል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተቆረጠ ዲስክ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለንባብ ይደርሳል። ሳህኑ ተከድኖ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ክፍል ይደር። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ክፍል ማታም ይሞቃል፤ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ካልነካው ግድግዳ ሥር ማሳደሩ ከመደርደሪያ ይሻላል።

ድብልቁ

ሦስት ክምችቶች ቀድመው ይዘጋጁ፤ ሁሉም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍለው ይቀመጡ።

ሉሚኖል፦ 17 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የ200 ሚሊሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ። ቱቦው በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅለል።

ፐርኦክሲዴዝ፦ 10 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ።

ፍላግ22፦ 1 ሚሊ ግራም በ440 ማይክሮ ሊትር ውሃ ሲሟሟ 1 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚህ 100 እጥፍ ተቀጥኖ 10 ማይክሮሞላር የሥራ ክምችት ይዘጋጅ። ፔፕታይድ በጣም ሲቀጥን ከፕላስቲክ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ቀጭኑን ለሳምንታት አታስቀምጡ፤ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ብቻ አቅጥኑ።

በሳህኑ ላይ አራት ዓይነት ይቅረብ፦ ውሃ ብቻ፣ ሱዶሞናስ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ የተወሰደ ፍላግ22፣ የራልስቶኒያ ፍላግ22፣ እና ሲኤስፒ22። የመጨረሻው ባክቴሪያ ብርድ ሲመታው ከሚያመርተው ፕሮቲን የተወሰደ፣ እንዲሁ 22 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ነው፤ ለሱና ለራልስቶኒያ ፍላግ22 የሥራ ክምችቱ እንደዚሁ 10 ማይክሮሞላር ይሁን። ለእያንዳንዱ ዓይነት 12 ዲስክ፣ ከአራት ችግኝ ሦስት ሦስት እየሆነ ይመደብ። ከአንድ ችግኝ 12 ዲስክ መቁረጥ ቁጥሩን ያበዛዋል እንጂ ማስረጃውን አያበዛውም።

ለ48 ጉድጓድ በአንድ ንጹሕ ቱቦ 6 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 12 ማይክሮ ሊትር ሉሚኖል፣ 12 ማይክሮ ሊትር ፐርኦክሲዴዝ ቀላቅሉ። ሉሚኖሉ በ1 ሚሊ ሊትር 34 ማይክሮ ግራም፣ ኤንዛይሙ 20 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ድብልቁን በአራት ቱቦ 1.4 ሚሊ ሊትር እያደረጋችሁ ክፈሉ፤ በየቱቦው የየራሱን ፔፕታይድ 14 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ፣ በውሃው ቱቦ ደግሞ 14 ማይክሮ ሊትር ውሃ። የፔፕታይዱ መጠን 100 ናኖሞላር ይሆናል። ለየቱቦው የፒፔቱን ጫፍ ለውጡ፤ ወደ ውሃው ቱቦ የገባች አንዲት ጠብታ ፍላግ22 ማነጻጸሪያውን ትገድለዋለች።

ንባቡ

የማሽኑ ክፍል መብራት ይደብዝዝ። ያደረውን ውሃ በፒፔት ምጠጡ፤ የፒፔቱ ጫፍ በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል ይውረድ እንጂ ዲስኩን አይንካ፤ የተጫረ ዲስክ እንደገና የቆሰለ ዲስክ ነው። 100 ማይክሮ ሊትር ድብልቅ በየጉድጓዱ አድርጉና ሳህኑን ወዲያው ማሽኑ ውስጥ ክተቱ። በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ ለ45 ደቂቃ ይነበብ።

ብዙ አፍ ያለው ፒፔት ከሌለ አራቱን ዓይነቶች በየረድፉ እያፈራረቃችሁ ደርድሩ። አንዱን ዓይነት ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አምስት ስድስት ደቂቃ ያባክናል፤ ጣሪያው በ10 ደቂቃ ለሚመጣ ነገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ማሽኑና ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። በ8ኛው ደቂቃ የተቋረጠ ንባብ አይቀጠልም፤ እነዚያ ዲስኮች ምላሻቸውን ሰጥተው አልቀዋል፣ ሥራው ከአዲስ ቅጠል ይጀምራል።

በደንብ የሄደ ሳህን ይህን ያሳያል፦ ውሃው መሬት ለመሬት ይሄዳል። የሱዶሞናሱ ፍላግ22 ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ይነሣል፣ ጣሪያ ይነካል፣ ይወርዳል። የራልስቶኒያው ፍላግ22 ከውሃው ጋር ተኝቶ ይቀራል። ሲኤስፒ22 ግን ቲማቲሙ ላይ ይነሣል፤ ከራልስቶኒያ የተወሰደም ቢሆን። ያው ባክቴሪያ በጅራቱ አይታወቅም፣ በሌላ ፕሮቲኑ ይታወቃል። ቲማቲሙ የጅራቱን ፊደል የማያነበው ራልስቶኒያ ከ22ቱ አሚኖ አሲዶች አንዳንዶቹን ለውጦ ስለያዘ ነው።

ለዘገባው የውሃውን አማካይ ቀንሳችሁ የጣሪያውን ቁመትና የ40 ደቂቃውን ድምር ውሰዱ። የማሽኑ ቁጥር አንጻራዊ ስለሆነ የሰኞን ሳህን ከሐሙስ ሳህን ጋር በጥሬ ቁጥር አታወዳድሩ፤ በየሳህኑ ላይ ያለውን የሱዶሞናስ ፍላግ22 እንደ መቶ ይዛችሁ ሌላውን በሱ ለኩ።

ሲበላሽ

ምንም ብርሃን ከሌለ መጀመሪያ ድብልቁን ከቅጠሉ ለዩ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 3 በመቶውን፣ ሁለት ጊዜ መቶ መቶ እጥፍ አቅጥኑ። ከዚያ 10 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ ቅጠል በሌለበት 100 ማይክሮ ሊትር ድብልቅ ውስጥ ጨምሩ። ወዲያው ብርቱ ንባብ ከመጣ ድብልቁ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ቅጠሉ ወይም ፔፕታይዱ ነው። ካልመጣ ሉሚኖሉ ብርሃን ነክቶታል፣ ወይም ኤንዛይሙ በተደጋጋሚ ቀልጦ በመቀዝቀዝ ሞቷል።

ውሃው ራሱ ከተነሣ ጉብታው መቼ እንደመጣ እዩ። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ከፍ ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ቁስል ነው፤ ዲስኩ በቂ ጊዜ አላደረም ወይም ውሃው ሲመጠጥ ተጭሯል። እንደ ፍላግ22 በ10 ደቂቃ ጣሪያ ነክቶ ከወረደ ግን ፔፕታይድ ገብቶበታል፤ ፒፔቱንና የውሃውን ጠርሙስ ለውጡ።

ከ12ቱ ዲስክ ሦስት አራቱ ብቻ ዝም ካሉ ሳህኑን አውጥታችሁ በዓይን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ተገልብጠው ወይም ከሥር ሰጥመው ይገኛሉ። ከአንድ ችግኝ የመጡት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ወደ ማሰሮው ተመለሱና ሥሩን እዩ።

ማሽን ለሌለው

የትንባሆ ቅጠልና መርፌው የተነቀለ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ የትንባሆን ቅጠል አስቀድሞ እንደሚያነቃው በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አሳይቷል፤ ያ ሥራ የተሠራውም በዛሬው አጠራር በራልስቶኒያ ነው። ለመማሪያ ግን ከቤተ ሙከራ ስብስብ የተወሰደ ሱዶሞናስ ሲሪንጌ ይሻላል።

የትንባሆ ዘር እንደ አቧራ ደቃቅ ስለሆነ በአፈር አይሸፈንም፤ በረጠበ አፈር ላይ በትኖ መተው ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ሰፊ ቅጠል ይዟል። ባክቴሪያውን በ28 ዲግሪ አሳድጋችሁ በተጣራ ውሃ እጠቡ፤ በስፔክትሮፎቶሜትር (የፈሳሽን ድፍርስነት በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) በ600 ናኖሜትር ላይ 0.2 እስኪነበብ አቅጥኑ፣ ይህም በ1 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ሚሊዮን ሕዋስ ነው። ግማሹን በተከደነ ቱቦ በፈላ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቆዩ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከተለመደው 10 ደቂቃ በላይ ማቆየት ያስፈልጋል። መሞቱን በግምት አትለፉት፤ አንድ ጠብታ ባክቴሪያው በሚያድግበት ምግብ ላይ ዘርታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ ምንም ካልበቀለ ይለፍ። ፍላጀሊኑ ሙቀቱን ይችላል፤ ቅጠሉ የሚያነበው ቁራጭ በመፍላት አይጠፋም።

ቅጠሉን ገልብጣችሁ በሁለት የጎን አውታሮች መካከል ያለውን ሜዳ በማርከር ምልክት አድርጉ። የሲሪንጁን አፍ ከቅጠሉ ሥር ገጥማችሁ፣ በሌላው እጅ ጣት ከላይ ደግፋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ፈሳሹ ሲገባ ቅጠሉ እንደ ዘይት የነካው ወረቀት ጠቆር ብሎ ይሰፋል፤ አውታሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። በአንዱ ሜዳ የፈላውን ባክቴሪያ፣ በጎረቤቱ ውሃ አስገቡ። ጥቁረቱ በሰዓታት ውስጥ ደርቆ ይጠፋል። በ24 ሰዓቱ በሁለቱም ሜዳ ሕያዉን ባክቴሪያ አስገቡ።

በማግስቱ ውሃ የገባበት ሜዳ ይወድቃል፤ ይሟሽሻል፣ ከዚያ እንደ ደረቅ ወረቀት ይሆናል። የፈላው የገባበት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የወደቀው ሜዳ በበሽታው የተሸነፈ አይደለም። ባክቴሪያው እንደ መርፌ ባለ መሣሪያ የራሱን ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ሲወጋ በውስጥ ያለው ሁለተኛው ዘብ አይቶት ሕዋሱን ከባክቴሪያው ጋር አብሮ የገደለበት ነው። ቀድሞ በነቃው ሜዳ ግን መርፌው ራሱ ሥራውን መሥራት ተቸግሯል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዘብ የሚነሣበት ምክንያት አላገኘም።

ከሳህኑ ወደ ማሳው

ቲማቲም ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በአንድ ሁለት ቀን ከጠወለገ ከግንዱ ሥር ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና ጥርት ባለ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አንጠልጥሉት። ራልስቶኒያ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ክር ከቁራጩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ክሩ ካልመጣና ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ከመጣ ፉዛሪየም የተባለውን ፈንገስ ጠርጥሩ። ራልስቶኒያ በሥር ገብቶ ውሃ በሚያመላልሰው ቧንቧ ውስጥ ይራባል፤ ያ ቧንቧ የሞተ ሕዋስ ነው፣ ዘብ የሚቆምበት የለም። ሲኤስፒ22ን ቅጠሉ ስላወቀ ብቻ ተክሉ የማይድነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ባክቴሪያውን ከማሳ ማሳ የሚያሻግረው በቦይ የሚወርደው ውሃ ስለሆነ የታመመ ተክል ተነቅሎ ቦይ ዳር አይጣል።

የተቀባዩ ፕሮቲን ነገር ተስፋ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የጎመን ወገን ኢኤፍአር የተባለ ሌላ ተቀባይ አለው፤ ባክቴሪያ ፕሮቲን ለመሥራት ከሚጠቀምበት ኢኤፍ-ቱ ላይ አንድ ቁራጭ ያነባል። ቲማቲም ይህ የለውም። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተቀባዩ ወደ ቲማቲም ሲዛወር ቲማቲሙ ራልስቶኒያን ይበልጥ ተቋቁሟል። ቤተ ሙከራችሁ ኢልፍ18 የተባለውን የዚያን ቁራጭ ፔፕታይድ ካገኘ ከአራቢዶፕሲስና ከቲማቲም የተቆረጡ ዲስኮችን በአንድ ሳህን አስቀምጡ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲተኛ ታያላችሁ።

ሥራው ሲያልቅ ሕያው ባክቴሪያ የነካ ቅጠል፣ ሲሪንጅና ሳህን ሁሉ ይቀቀል። አውቶክሌቭ ሳይኖር በግፊት በሚያበስል ድስት የሚሠራ ሰው ይህን ይወቅ፦ በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው ግፊት እዚህ ከፍታ ላይ 118 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ እንፋሎቱ በደንብ ከወጣ በኋላ 15 ደቂቃ የሚባለውን ወደ 40 አድርሱት፤ ድስቱ ራሱ በርዶ ግፊቱ ካልወረደም አትክፈቱት። የሉሚኖሉ ድብልቅ ከዚህ ተለይቶ በኬሚካል ቆሻሻ ዕቃ ይጠራቀም፤ ወደ ጣና በሚወርደው ቦይ አይፍሰስ።